እሳቱ ከመለኮሱ በፊት

ልጆቼ፣

ቬሎድሮም በሚባለው ሞላላ የመወዳደሪያ ሜዳ ላይ የሚነዳውን የትራክ ብስክሌት ፍሬም፣ ማለትም አጽሙን፣ በእጄ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው ደንበኛዬ ጢሙ ገና ያልበቀለ ነው። ሥራውን ለመማር የሚመጡት ወጣቶችም ከእነሱ ብዙ አይበልጡም። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «ብየዳው መቼ ነው?»

አልፈርድባቸውም። እሳት ያጓጓል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ፍሬም ብዙ ጊዜ እሳት ላይ አይበላሽም። ቀድሞ ተበላሽቶ ነው እሳት ላይ የሚወጣው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ አባት የ13 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። የልጁን እግር፣ ክንድና ትከሻ ለካሁ፣ ጻፍኩ። አባትየው «ትንሽ ሰፋ አድርግለት፤ ያድግበታል» አለኝ። እሺ አልኩ። ደንበኛ ማስቀየም ፈርቼ በልኬቱ ላይ 4 ሴንቲ ጨመርኩ። ፍሬሙ ሲያልቅ ያምር ነበር። ልጁ ሲወጣበት ግን ትከሻው ጆሮው ሥር ገባ። መሪው ላይ ለመድረስ ይንጠራራል፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ መላ አካሉ ይወዛወዛል።

የትራክ ብስክሌት ምሕረት የለውም። ፍሬን የለውም። የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የተቆለፈ ስለሆነ፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም ይዞራል። በሌላ ብስክሌት ካልተመቸህ እግርህን አሳርፈህ ትስተካከላለህ፤ እዚህ ማረፍ የለም። ልጁ ጥቂት ወር ታገለና ቀረ። ከ2 ዓመት በኋላ አገኘሁት፤ ቁመቱ ተመዟል። ፍሬሙ አሁን ልኩ ነበር። እሱ ግን ብስክሌቱን ትቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምለካው ዛሬ ፊቴ የቆመውን ልጅ ብቻ ነው።

ለትንሽ ልጅ መሥራት ከአዋቂው ይከብዳል። ሙሉ መጠን ያለው ጎማ ትንሽ ፍሬም ውስጥ ካስገደዳችሁ፣ ልጁ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ የጫማው ጫፍ የፊቱን ጎማ ይነካል። ፔዳሉን ማቆም ስለማይችል ይወድቃል። ስለዚህ ጎማውን አሳንሱ። ፔዳሉ የሚታሰርበትንም ክንድ አሳጥሩ። ፔዳሉ የሚዞርበትን መሃል ግን ከመንገድ ብስክሌት ከፍ አድርጉት፤ የ250 ሜትር ቬሎድሮም ኩርባ ከ40 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ስለሆነ ፔዳሉ መሬቱን እንዳይገጭ ነው። ቱቦውንም ለክብደቱ ምረጡ። አዋቂ ተወዳዳሪ የሚጋልብበትን ወፍራም ቱቦ 45 ኪሎ ለሆነ ልጅ ብትሰጡት፣ ግንድ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሚሰማው።

ስኮትላንዳዊው ብስክሌተኛ ግራም ኦብሪ እ.ኤ.አ. በ1993 በገዛ እጁ በሠራው ብስክሌት በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር ጋልቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። እጆቹን ደረቱ ሥር አጥፎ ነበር የሚነዳው። ብዙዎች ሳቁበት። እሱ ግን ብስክሌቱን የሠራው ለራሱ ገላ ነው።

ወደ ብረቱ ልመለስ። አንድ ጊዜ የሠራሁት ፍሬም ተሰንጥቆ ተመለሰልኝ። ከውጭ ሲያዩት መጋጠሚያው እንከን የለውም። በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ቱቦዎቹ የሚገቡበት እጅጌ ውስጥ፣ አንዱ ቱቦ ከሌላው ጋር አልገጠመም። ክፍተቱን የብየዳው ናስ ሞልቶታል። ናስ ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይሸከምም፤ የሚጠነክረው በጠባብ ቦታ ስስ ሆኖ ሲሰርግ ነው። ያን ቀን ሞረድ ለመያዝ ሰንፌ ነበር፤ ማንም አያየውም ብዬ። አፍሬ ቁራጩን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁንም አለ።

አሁን ቱቦዎቹን አጋጥሜ ወደ መስኮት አነሳለሁ። ብርሃን ካሾለከ ቱቦው ወደ ሞርሳው ተመልሶ እንደገና ይሞረዳል። ፍሬሙ ቀጥ ማለቱን ለማየት ደግሞ ክር ይበቃል። ከኋላ ጎማ ማሰሪያው ተነስታችሁ፣ በመሪው ቱቦ አዙራችሁ ወደ ሌላው ማሰሪያ ውጠሩት። ክሩ ከኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል ይሁን። በሁለቱ ማሰሪያዎች መሃል ደግሞ 120 ሚሊ።

ስለ እሳቱ ብዙ የምለው የለኝም። የብር ብየዳ ወደ 650፣ የናስ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የቱቦው ግድግዳ መሃሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሊሆን ስለሚችል እሳቱን አንድ ቦታ አታቁሙት። እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ባለፈው አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየዋ «ያድግባታል» ልትል አፏን ስትከፍት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትንሽ ፍሬም አሳየኋት። ሦስት ልጆች ነድተውታል፤ ልካቸው ሲያልፍ ይመልሱልኛል። ልጅቷ ወጣችበት። ክርኗ በትክክል ታጠፈ፤ አራተኛዋ እሷ ሆነች።

አዲሱ ተለማማጄ ይህን ሁሉ ቆሞ ካየ በኋላ «ታዲያ ዛሬ ብየዳ የለም?» አለኝ። ሞረዱን ሰጠሁት።