ለቢቸናዋ መምህርት፦ ኪቱን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ቢቸና ላይ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሳይንስና የምህንድስና ክበብ ልትጀምሪ ነው። ውጭ አገር ያለው አጎትሽ 60,000 ብር ልኮልሻል። በዚህ ብር የሮቦት መሥሪያ ኪት ገዝቼ ለትምህርት ቤቱ ላስረክብ ወይስ ሌላ የሚሻል ነገር አለ ብለሻል። እኔ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። አንቺ ያሰብሽውን በ2010 ዓ.ም. አንድም ሳይቀር አድርጌዋለሁ። ከእኔ በፊት የጻፉት "በርቺ" ብለው አልፈዋል። እኔም በርቺ እላለሁ፤ ግን የከፈልሁትን እንዳትከፍይ በዝርዝር ልንገርሽ።

1. ለትምህርት ቤቱ አታስረክቢ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ከደመወዛችን ቆርጠን፣ አንድ የዱሮ የክፍል ጓደኛችን ጨምሮበት፣ 42,000 ብር ሰበሰብን። አዲስ አበባ ወርጄ ስድስት ኪት ገዛሁ፤ ጎማው፣ ሞተሩ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሁሉ በየሳጥኑ ተደርድሮ። እንዳይጨፈለቅብኝ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አላስጫንሁትም፤ እስከ ማርቆስ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ከዚያ ሕጋዊ ይሁን ብዬ ንብረት ክፍል ወሰድሁና በሞዴል 19 ገቢ አስደረግሁት። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕቃው የእኔም የልጆቹም መሆኑ ቀረ። ለማውጣት ሞዴል 22 ይሞላል፤ ሦስት ሰው ይፈርማል። ክበቡ ቅዳሜ ነው፣ ንብረት ክፍሉ ቅዳሜ ዝግ ነው። ዓርብ አውጥቼ ላሳድር ብል የጠፋው ከደመወዝህ ይቆረጣል ተባልሁ። በአንድ መንፈቅ ዓመት አራት ጊዜ ብቻ አወጣነው። ቀጥሎ ንብረት ኃላፊው ተዛወረ፤ ርክክብ ሳይደረግ ሄዶ መጋዘኑ ታሸገ። ታሽጎ የቆየው 14 ወር ነው።

እንዲከፈትልኝ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በር ላይ ቆሜ ዋልሁ። በመጨረሻ ስገባ ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል "መምህር፣ መጽሐፉን ጨርሰሃል? ፈተና ላይ ሮቦት አይመጣም" አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ያ ቃል ነው የታወሰኝ። ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ስናስሸመድድ ኖረን ፈተናውም አልተሠራልንም!

መጋዘኑ ሲከፈት የባትሪዎቹ ጫፍ ነጭ ዱቄት አብቅሏል፤ ሽቦውን አይጥ በልቶታል። ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ሠሩ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ዕቃውን በውሰት ስጪ። "ንብረትነቱ የእገሌ ሆኖ ለክበቡ ለአንድ ዓመት በውሰት የተሰጠ፣ በስምምነት የሚታደስ" የሚል ደብዳቤ ጻፊ፤ ዝርዝሩን አያይዢ፤ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ባለበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ርእሰ መምህሩ ማኅተም ያድርግበት። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ግዢ፤ አንዱ ቁልፍ አንቺ ዘንድ፣ ሌላው አብሮሽ በሚሠራው መምህር ዘንድ ይሁን። ማኅተሙን አትናቂ፤ ርእሰ መምህር ሲቀየር የሚከራከርልሽ እሱ ነው።

2. ኪቱን ራሱን አትግዢ። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት።

በእነዚያ አራት ቀናት ልጆቹ ሥዕሉን እያዩ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኙ። መኪናዋ ሄደች፤ ደስታ ሆነ። አንዱን የ8ኛ ክፍል ልጅ "ሞተሩ ለምን ዞረ?" አልሁት። "ባትሪ ስላለው" አለ። "ባትሪው ምን አደረገው?" ስለው ዝም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ሞተሩ ተዘግቶ የመጣ ነው፣ ውስጡን አላየውም።

በሁለተኛው ዓመት ብርም ኪትም አልነበረንም። የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ቁርጥራጭ የመዳብ ሽቦ ለመንሁ፤ በነጻ ሰጠኝ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈታን። አንድ ደረቅ ባትሪ፣ በባትሪው ሁለት ጫፍ የሚያያዙ ሁለት መርፌ ቁልፍ። ሽቦው አሥር ጊዜ ያህል ይጠመጠማል፤ ግራና ቀኝ ጫፉ በመርፌ ቁልፎቹ ቀዳዳ ይገባል፤ ማግኔቱ ከሥር ይቀመጣል። ቁም ነገሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ሽቦው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቅብ የተቀባ ስለሆነ መፋቅ አለበት፤ አንዱ ጫፍ ዙሪያውን፣ ሌላው ግን ግማሽ ጎኑን ብቻ። አንዲት ልጅ ሁለቱንም ጨርሳ ፋቀች። ጥምጥሙ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ አልዞር አላት። እንዳልነግራት ከለከለችኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባት፤ ሌሎቹ ሠርተው ጨርሰው ከበዋት ቆመዋል። በመጨረሻ "ጋሼ፣ ግማሹን ሲገፋው ግማሹን መልሶ ይጎትተዋል፤ መሐል ላይ መቋረጥ አለበት" አለች። በአዲስ ሽቦ አንዱን ጫፍ ግማሹን ብቻ ፋቀችና ጣቷን ነካ ስታደርገው ዞረ። ያቺ ልጅ ዛሬ ባሕር ዳር ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትማራለች። ከኪቱ ጋር የተነሣናቸውን ፎቶዎች ጥያለሁ፤ የእሷን ጥምጥም ግን እስከ ዛሬ አስቀምጨዋለሁ።

3. ቴርሞሜትር ግዢ፤ በቀይ አልኮል የሚሠራውን፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚደርሰውን። የሜርኩሪው ቢሰበር መርዝ ነው፤ የሰው ትኩሳት መለኪያ ደግሞ 42 ላይ ያበቃል፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ይፈነዳል። ይህን የምልሽ በአንድ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እኛ ዘንድ ከሰል ምድጃ ላይ ጣድነው፤ ውሃው እየተንተከተከ መለኪያው 92 ላይ ቆመ። "ተበላሽቷል" አሉ። ሌላ አመጣን፤ 92። ከኋላ የተቀመጠ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ተነሥቶ "እና መጽሐፉ ነው የተሳሳተው?" አለ።

እህቴ፣ አስተማሪ የምትኖሪው ለዚህች ጥያቄ ነው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በላያችን ያለው አየር ሳስቷል፣ ውሃውን የሚጫነው ግፊት ቀንሷል፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ራሳቸው አካፍለው 8 አገኙ፤ ከመቶ ቀነሱ፤ 92 ሆነ። አንዷ "እናቴ ባቄላ ስትቀቅል ክዳኑ ላይ ድንጋይ የምትጭነው ለዚህ ነው?" ብላ ጠየቀች። ድንጋዩ እንፋሎቱን ያፍናል፤ የሚፈላበትን ዲግሪ ግን እምብዛም ከፍ አያደርገውም። አባቱ አይሱዙ የሚነዳ ልጅ ደግሞ ቴርሞሜትሩን ለአባቱ ሰጠው። ሰውየው ዓባይ በረሃ ወርዶ ድልድዩ አጠገብ ሻይ የምታፈላ ሴት ጋ ለክቶ 96 ተኩል ገደማ ብሎ ላከልን። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ልጆቹ ቁጥሩ ከፍ እንደሚል አስቀድመው ገምተው ነበር። ቢቸናም ደጋ ስለሆነች የአንቺም ልጆች ወደ 92 ያገኛሉ። መልሱን ቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው።

ድልድይ ካነሣሁ አይቀር፣ የምህንድስናውን ክፍል በድልድይ ጀምሪ። የማሽላ አገዳና እሾህ ይበቃል። አራት አገዳ በአራት ማዕዘን ሰክተው ጎኑን ይግፉት፤ ይተጣጠፋል። ሦስት አገዳ ይስኩ፤ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በሦስት ማዕዘን ብቻ ድልድይ ሠርተው ጡብ ይጫኑበት። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። ደጀን ላይ በጣሊያን ዘመን ማግስት የተሠራው አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው፣ በኬብል የተወጠረው 303 ሜትር ድልድይ ጎን ለጎን ናቸው። ሞጣ በኩል ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለላችሁ፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቅስት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ የተሰበረ፣ ሰው ለብዙ ዓመታት ክፍተቱን በገመድ እየተጎተተ የተሻገረበት። ቅስቱ ያለ ብረት ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆመ ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በዪ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ ጥሪው፤ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ፣ እንደሚሄድ ሲሰማ ፊቱን ታዪዋለሽ።

በተራ ቁጥር መዘርዘሩን ተውሁት፤ የቀረው አጭር ነው። ቀኑን ስትመርጪ ገበያችሁ መቼ እንደሚውል አጣሪ። እኔ በገበያ ቀን ጀምሬ ሴቶቹ ልጆች እየቀሩ ሰነፉ መስሎኝ ተቆጥቻለሁ፤ ለካ እናቶቻቸውን እየረዱ ኖሯል። ወደ ረቡዕ ከሰዓት ሳዞረው ሁሉም መጡ። በአንድ ጊዜ ከ15 ልጅ በላይ አትያዢ።

ስለ ብሩ፦ ቴርሞሜትር፣ አራት መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ሳጥኑ፤ ይህ ሁሉ ከ60,000ው ግማሹን አይነካም። ለየሳምንቱ ዳቦ መድቢ፤ ከሰዓት በኋላ የራበው ልጅ ሽቦ አይፍቅም። የቀረውን መንገዱ ሰላም ሲሆን ደጀን ወርዳችሁ ድልድዩን ለማየት ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል ለመጎብኘት አቆዪው። ኪቱን የሚገዛው ሞተር በእጁ የሠራ ልጅ ሲጠይቅሽ ነው።

የእኔን የውሰት ደብዳቤና የቃለ ጉባኤውን ናሙና ነገ ከሥራ ስወጣ ፎቶ አንሥቼ እዚሁ ሥር አስቀምጥልሻለሁ። ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይሪ፤ "በስምምነት የሚታደስ" የምትለዋን ግን እንዳታወጫት።