ከአዳማ ተነስቶ ባሕር መድረስ፦ ስለ ጅቡቲ መንገድ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት «ከጨርጨር ተራራ እስከ ባሕር በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ ይጠይቀኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ቤቴ አዳማ ነው፤ በዚህ መንገድ ለዓመታት ጭነት አመላልሻለሁ። የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ በሚሌ ልሂድ ወይስ በድሬዳዋ?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ጋላፊ ድንበር ያወጣሃል። የተሳቢዎች መንገድ ነው። ከአዋሽ ጀምሮ ሜዳና ሙቀት ስለሆነ ተራራ ሳታይ ባሕር ትደርሳለህ። የቀኙ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ጨርጨር ተራራ ይወጣል። አገር ለማየት ከሆነ የምትሄደው በቀኙ ውጣ። ሂርናን፣ ቆቦን፣ ቁልቢን እያልክ ከ2,000 ሜትር በላይ ትደርሳለህ። ማሽላውና ጫቱ በገደሉ ላይ በእርከን ተደርድሯል። ጠዋት ጭጋጉ ከመንገዱ በታች ተኝቶ ታገኘዋለህ። ባሕሩ የሚጥመው ያን ብርድ ቀምሶ ለወረደ ሰው ነው። በግራው በኩል ስትመለስ ና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን ይላል። ይቻላል?

እህቴ፣ መድረስ ይቻላል። ምንም ሳታዩ ግን ነው። ለመሄጃ ብቻ አራት ቀን ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን አትሩጡ። መተሃራ ላይ በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ዳርና ዳር ይዞት ታያላችሁ። እየሰፋ ስለሄደ መንገዱንም ሐዲዱንም ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ጥቁሩ የቀለጠ ድንጋይ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ ተራራው 2,007 ሜትር ይሆናል። ቀጥሎ አዋሽ ፓርክ አለ። ማለዳ ከገባችሁ ሳላ አታጡም፤ ፏፏቴውንም እዩት። ሁለተኛው ቀን ለተራራው ይሁን። ሦስተኛውን ድሬዳዋ ላይ እረፉ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ነው። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር በእግር ሂዱ፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ብሉ። በአራተኛው ቀን ሳይነጋ ወደ ድንበሯ ደወሌ ተነሱ። ከድሬ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኬላው ግን ጊዜ ይበላል።

ጥያቄ፦ የደንገጎ ቁልቁለት እንደሚወራው ያስፈራል?

ይህን ጥያቄ ስላነሳህ አመሰግንሃለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈልገው ስለዚህ ማውራት ነው። ደንገጎ ላይ አንዱ መንገድ ወደ ሐረር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከነበርክበት 1,200 ሜትር ገደማ ላይ እስክትደርስ በአጭር መንገድ እየተጠማዘዝክ ነው የምትወርደው።

የመጀመሪያ ጊዜ ስወርድ ፍሬን ረግጬ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ፔዳሉ ለሰለሰ። እንደ ምንም በማርሽ ይዤ ዳር ቆምኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ አዛውንት ሹፌር ወርደው፣ «ልጄ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» አሉኝ። እስከ ዛሬ የምወርደው እንደዚያ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬኑን ረገጥ፣ ለቀቅ አድርግ እንጂ እግርህን አትተክልበት። ፍሬን የሸተተህ እንደሆነ ቁም፤ ጎማውና ፍሬኑ በራሱ ይቀዝቀዝ፣ ውኃ አታፍስበት። ኒውትራል አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ የሚባለውን ነገር ደግሞ እርሳው። ነፍስ ነው የሚያስከፍለው።

ጥያቄ፦ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር። በክረምት ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ልጅ ይዞ አይሞከርም። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ይሞላል። ለመሳለም ከሆነ እሰየው፣ ካልሆነ ቀኑን አሳልፉት።

ጥያቄ፦ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? መንገዱስ ሰላም ነው?

ፓስፖርትና ቪዛ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የጉምሩክ ጊዜያዊ መውጫ ፈቃድ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስ። አዳማ ሆነህ ጨርስ፣ ኬላ ላይ አትጀምረው። ብሩን በዶላር ያዝ፤ 1 ዶላር 177 የጅቡቲ ፍራንክ ገደማ ነው፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። ስለ ሰላሙ ደግሞ የዚያኑ ቀን ከላይ የመጣ ሹፌር ጠይቅ። ማታ አትንዳ። «ቆይ» ካሉህ ቆይ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም።

ባቡር አለልህ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አዳማ ላይ ጣቢያ አለው። ቁልቢን ግን አታይም።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ደርሰን ምን እንይ?

ገና ከተማው ሳትገቡ ግራን ባራ አለ። ነጭ፣ ድፍን ሜዳ። ከሩቅ ውኃ ይመስላል። ልጆቼ «ባሕሩ ያ ነው?» ብለው ጮኸው ነበር። ከተማው ውስጥ በየመን አሠራር ተሰንጥቆ በእቶን የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ብሉ፤ በእጅ ነው የሚበላው። በማግስቱ አሳል ሐይቅ ሂዱ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ዳርቻው ጨው ብቻ፣ ዓይን ይወጋል። መነጽርና ውኃ ያዙ። እዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ አለ። ቁልቢ ላይ ጋቢ ደርበህ ቡና የጠጣህ ሰው ከቀናት በኋላ እዚያ ጨው ላይ ስትቆም የሚሰማህን እኔ ልነግርህ አልችልም።

ጥያቄ፦ አዋሽ ወንዝ መንገዱን ሁሉ አብሮን ይወርዳል። ባሕር የሚገባው የት ነው?

አባቴ፣ አይገባም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እርስዎ በጋላፊ በኩል የሚመለሱ ከሆነ ዲክሂል ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ። አገሩን የሚያውቅ ሰውና ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ይያዙና ሳይነጋ ይድረሱበት። ከመሬት እንደ ቤት የቆሙ የኖራ ድንጋዮች አሉ፤ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል። ያዳማችን አዋሽ መጨረሻው እዚያ ነው።