«ውስጤ ጸዳ» ማለት ያስኬዳል?

ድሬዳዋ ከዚራ የሚኖሩ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ተኳርፌው ከነበረ ወንድሜ ጋር ታርቄ ‹ውስጤ ጸዳ› ብል አንድ የሥራ ባልደረባዬ አረመኝ። ‹ቤት ይጸዳል፤ ልብ ግን ይነጻል› አለኝ። እውነቱን ነው?»

አይደለም። ጸዳን ለመጥረጊያና ለሳሙና፣ ነጻን ለነፍስ የሚያከፋፍሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ክፍፍሉ ያምራል፤ መሠረት ግን የለውም።

የግእዙን መዝሙረ ዳዊት 50ኛውን መዝሙር ያውጡ። «ትነዝኀኒ በአዛብ ወእነጽሕ፤ ተኀፅበኒ እምበረድ ወእጸዐዱ» ይላል፤ «በሂሶጵ ትረጨኛለህ፣ እነጻለሁም፤ ታጥበኛለህ፣ ከበረዶም ይልቅ ነጭ እሆናለሁ» ማለት ነው። «እነጽሕ» የእኛው ነጻ ነው። «ተኀፅበኒ» አጠበ፣ «እጸዐዱ» ደግሞ ጸዳ። ሦስቱም የመጡት ስለ ኃጢአት ነው። እዚያ ቤት የሚጠርግ ሰው የለም።

የጸዳ አባት ጸዕደወ ነው፤ ነጭ ሆነ ማለት ነው። ጸዓዳም ከዚያው ነው። ትግርኛ ዛሬም ነጩን ጻዕዳ ይለዋል። አማርኛ ዐይኑን ዐ ዋጠ፣ ወውንም ጣለና ጸዳ ብሎ አስቀረው። ስለዚህ ቃሉ ሲነሣ መንጣት እንጂ መጠረግ አይደለም። ሐረር ጁገል ውስጥ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያርፍበት «ጸዳ ብሏል» ስንል የድሮውን ትርጉም ሳናውቀው እየተናገርነው ነው። ጸዳልንም ከዚሁ ጋር የሚያዛምዱ አሉ። አይሆንም። ጸዳል የጸደለ ልጅ ነው፤ ጸደለ አበራ ማለት ሲሆን «ለ» የሥሩ ፊደል ነው፤ በጸዳ ላይ የተጨመረ አይደለም። ነጭነትና ብርሃን ጎረቤት ስለሆኑ ነው የሚያሳስተው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በየበሩ «ፅዳት» ተብሎ ተጽፎ ሳይ ያመኛል። ሥሩ በጸሎቱ ጸ ነው። ፀሐዩ ፀ የሚገባው ኀፀበ ነበር፤ እሱን ደግሞ አማርኛ በጠ ለውጦ አጠበ ብሎታል። በአንደበታችን ሁለቱ ፊደላት አንድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ይህን አልክድም። በፀ የሚጽፈውም ብዙ ነው፤ ተሳሳተ ብሎ መፍረድ እየከበደ መጥቷል። እኔ ግን ጽዳትን በፀ አልጽፍም።

«ጸዴ ነው» የሚለውን የወጣቶች አባባልም ጆሮዬ አይወደውም። ያም ሆኖ ሰው ተግባብቶበታል፤ መዝገበ ቃላት ቢያስገባው አልከራከርም። እርስዎ ግን «ውስጤ ጸዳ» ይበሉ። ባልደረባዎ ካላመኑ መዝሙሩን ያሳዩአቸው።