መልስ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ብቻውን ታች ልልቀቀው?

እህቴ፣ ልጅሽ ከብሎኩ ወርዶ ብቻውን ይጫወት ወይስ ይቅርበት ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ይውረድ ባይ ነኝ። ግን ዝም ብሎ አይደለም።

በእኛ ጊዜ ቆርኪና ብይ ስንጫወት እንውል ነበር። ጎረቤት ሁሉ እናት ነው። ካጠፋን መጀመሪያ ይቆነጥጡናል፣ ከዚያ ለቤት ይናገራሉ። (ቁንጥጫው እንኳን ባይመለስ ይሻላል።) እዚህ ግን ዕጣ ነው ያሰባሰበን። ከአራተኛ ፎቅ የሚያይ ሰው ልጁ የማን እንደሆነ አያውቅም። ለእኔ ከሌባ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጅሽን አስተዋውቂው። ለጥበቃው፣ ለባለሱቁ፣ ጀበና ቡና ለምትሸጠዋ ልጅ። እኔ ልጄን ዳቦ ስልከው ሁለት ሳምንት ሙሉ በረንዳ ላይ ቆሜ እያየሁት ነበር። ልቤ ተንጠልጥሎ! በሦስተኛው ሳምንት ረሳሁት፤ እሱ መልሱን ቆጥሮ ይዞ መጣ።

የምፈራው መኪና ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲሄድ ትንሽ ልጅ አይታየውም። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድም አለ። አብራችሁ ዙሩና አሳዪው፤ ዋናውን አስፋልት እንዳይሻገር ድንበር ስጪው።

በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ልጆች አስፋልቱ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተሻል? እናንተም ኮሚቴውን አነጋግሩና እሁድ ከሰዓት ፓርኪንጉን አስለቅቁላቸው። የእኔው አስር ዓመቱ ነው። ቅርብ ከሆናችሁ ኳሱ አለ።