ፖሊስ የያዘውን መረጃ ስለመጠየቅ

«ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው» የሚለው መልስ የፖሊስን መዝገብ ሁሉ ይዘጋል ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አይዘጋም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አጠቃላይ ትርጓሜ ቁጥር 34፣ ሐሳብን የመግለጽ መብት በመንግሥት አካላት እጅ ያለን መረጃ ማግኘትንም እንደሚጨምር ገልጿል፤ ፖሊስም የመንግሥት አካል ነው።

የምስክር ማንነት መጠበቁ ተገቢ ነው፣ የሰው ሕይወት አለበትና። የኃይል አጠቃቀም መመሪያ ወይም የቀረቡ አቤቱታዎች ብዛት ግን በዚህ ሰበብ ሊሸሸግ አይገባም። የምስክሩ ስም ብቻ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ የቀረው ገጽ ሊሰጥ ሲችል መዝገቡን በሙሉ መከልከል፣ በእኔ እምነት፣ መብቱን ባዶ ማስቀረት ነው። ስለዚህ የሚፈልጉትን ሰነድ በዓይነትና በቀን ለይተው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከከለከሉዎትም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ይግባኝ የሚሉት ያንን ወረቀት ይዘው ነውና።