ኤስ ኤል አር ስንት ነገር ነው? ጥያቄና መልስ

ስለነዚህ ሦስት ፊደላት ብዙ ጥያቄ ስለመጣልኝ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኤስ ኤል አር ካሜራ አይደል እንዴ? የጭነት ባቡር ላይ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ካሜራም ነው። ፉርጎ ላይ ሲሆን ግን የባለቤት መለያ ነው። በሰሜን አሜሪካ እያንዳንዱ ፉርጎ ጎኑ ላይ ከሁለት እስከ አራት ፊደልና ቁጥር ይጻፍበታል፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ሐዲድ ሲሻገር የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ኤስ ኤል አር የሴንት ሎውረንስና አትላንቲክ ነው፤ ከሜይን ግዛት ወደ ካናዳ ድንበር የሚዘልቅ ትንሽ የጭነት ባቡር ኩባንያ።

ጥያቄ፦ ወንዝና ውቅያኖስ በአንድ ስም?

መልስ፦ ይቺን እወዳታለሁ። ድሮ በብርዱ ወራት ሴንት ሎውረንስ ወንዝ በረዶ ሲሆን ሞንትሪያል መርከብ አይደርስባትም ነበር። የሜይኗ ፖርትላንድ ወደብ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ጆን ፑር የሚባል ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1845 በበረዶ ውሽንፍር መሀል፣ ፈረስ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ለቀናት ተጉዞ ሞንትሪያል ገባ፤ ነጋዴዎቹ ቦስተንን ትተው ፖርትላንድን እንዲመርጡ ተሟገተ። ተሳካለት፤ በ1853 ሁለቱ ከተሞች በሐዲድ ተገናኙ። የሐዲዱን ስፋት ደግሞ 1,676 ሚሊሜትር አደረጉት። የቦስተኑ 1,435 ስለነበር ፉርጎ በቀላሉ ወደዚያ አያልፍም። ተንኮል ነው! ኋላ ግን እነሱንም ስላስቸገራቸው ወደ 1,435 መለሱት። ካናዲያን ናሽናል የተባለው የባቡር ኩባንያ መስመሩን በ1989 ሲሸጥ አዲሱ ኩባንያ የጥንቱን ስም አነሳ።

ጥያቄ፦ መለያቸው በኤክስ የሚያልቅ ፉርጎዎችስ?

መልስ፦ ባለቤታቸው የባቡር ድርጅት አይደለም፤ አከራይ ወይም ፋብሪካ ነው። በዩ ካለቀ ኮንቴይነር ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራውስ ለምን እንዲህ ተባለ?

መልስ፦ የሚያዩበትና ፎቶ የሚያነሱበት ሌንስ አንድ ስለሆነ። ከሌንሱ ጀርባ ያጋደለ መስታወት ምስሉን ወደ ዓይን ይልካል፤ የማንሻውን ቁልፍ ሲጫኑ መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳል። «ቻክ» የሚለው እሱ ነው፤ ለቅጽበት የሚጨልመውም ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ ትርጉም አለው?

መልስ፦ ጠመንጃ አለ፣ የባሕር ከፍታ መጨመርም እንዲሁ ያጥራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሳተላይት ላይ ሌዘር ተኩሶ ርቀት መለካት ነው። በ1976 የመጠቀችው ላጂኦስ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያላት ኳስ ናት፤ ላይዋ ላይ 426 አንጸባራቂዎች ተተክለዋል። ሞተር የላት፣ ካሜራ የላት፤ ሥራዋ ብርሃኑን ወደ መጣበት መመለስ ብቻ ነው።