መልስ፦ ጣፋጭ የወፍ ጎጆ ሾርባ ለምን ሟሟ? ስኳሩስ መቼ ይግባ?

ከማሌዥያ በስጦታ የመጣልዎትን ደረቅ የወፍ ጎጆ በቀጥታ ድስት ውስጥ ቢቀቅሉት ሟሙቶ እንደጠፋብዎት ገልጸው፣ ስኳሩ መቼ እንደሚገባም ጠይቀዋል። ጎጆው የተሠራው ስዊፍትሌት ከምትባል ትንሽ ወፍ ምራቅ በመሆኑ በሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይፈራርሳል፤ ስለዚህ ቻይናውያን ክዳን ባለው የሸክላ ዕቃ ያደርጉትና ዕቃውን በዝግታ በሚንተከተክ ውሃ ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያበስሉታል።

ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ ጥቂት ቢመስልም ውሃ ሲጠጣ በብዙ እጥፍ ያብጣል። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይዘፍዝፉትና ሲለሰልስ ክሮቹን ተከትለው በጣትዎ ይፈልቅቁት። አድካሚው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በክሮቹ መካከል የተሰገሰጉትን ጥቃቅን ላባዎች አንድ በአንድ በወረንጦ መልቀም ያስፈልጋል፣ ነጭ ሳህን ላይ ቢዘረጉት በቀላሉ ይታያሉ።

ከዚያም በሸክላ ዕቃው ውስጥ ጎጆውን በጥቂቱ የሚሸፍን ውሃ ጨምረው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያብስሉት። ክሮቹ ቅርጻቸውን ሳይለቁ ብርሃን ሲያሳልፉና የእንቁላል ነጭ የመሰለ ሽታ ሲሰጡ ደርሷል ማለት ነው። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን የቻይና ስኳር በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ይጨምሩ። ቀይ የቻይና ተምር ከወደዱ ግን የውስጡን ፍሬ አውጥተው ተምሩን ከመጀመሪያው ያስገቡት፤ ጎጆው ራሱ እምብዛም ጣዕም ስለሌለው፣ በእኔ አስተያየት ያለ ተምሩ ከስኳር ውሃ ብዙም አይለይም።

ለልጆች የሚሰጡ ከሆነ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ እንደሚችል ይወቁ።